ኢንሱሊን የምትወስድ ልጅና የትምህርት ቤት ጣፋጭ፤ ከአዳማ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ልጄ 8 ዓመቷ ነው፤ 2ኛ ክፍል ናት፤ ክብደቷ 25 ኪሎ። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም እንዳለባት ከታወቀ 7 ወር ሆነ። ጠዋትና ማታ ሬጉላርና ሌንቴ (ፈጥኖ የሚሠራውንና ዘግይቶ የሚሠራውን ኢንሱሊን) ቀላቅዬ እወጋታለሁ። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት 10 ሰዓት ላይ ስትመለስ ለካኋት፤ 340 ሆነ። ቦርሳዋን ስፈትሽ የሁለት ከረሜላ ወረቀት አገኘሁ። ተናደድኩ፣ መታኋት፤ በኋላ ሁለታችንም አለቀስን። አስተማሪዋ ደግሞ ልጆች ልደት ሲያከብሩ ‹ለአንቺ አይሆንም› ብላ ወደ ውጭ ታስወጣታለች። ጨርሼ ልከልክላት ወይስ ልፍቀድላት? ብፈቅድስ ስንት? ታናሽ ወንድሟስ ከረሜላ መብላት ይተው?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ንዴቱም ድንጋጤውም የመጣው ከዚያ 340 ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ሁለት ከረሜላ ብቻውን ያንን ቁጥር አያመጣም። 25 ኪሎ የምትመዝን ልጅ 1 ግራም ስኳር ብትበላ የደሟ ስኳር በግምት ከ7 እስከ 9 ነጥብ (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ቢጨምር ነው። ተራው ደረቅ ከረሜላ ደግሞ ከ4 እስከ 5 ግራም ይመዝናል፤ ሙሉ በሙሉ ስኳር ነው እንበል። ሁለቱ ሲደመሩ ከ60 እስከ 90 ነጥብ ያህል ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ያውም ኢንሱሊኑ ምንም ሥራ አልሠራም ብለን። በዚያ ላይ ከረሜላ ፈጥኖ ወጥቶ ፈጥኖ የሚወርድ ነገር ነው። በጠዋቱ እረፍት የተበላ ከረሜላ 10 ሰዓት ላይ የሚታየውን ቁጥር አያስረዳም። ስለዚህ ወይ ሌላ የበላችው ወይም የጠጣችው ነገር አለ፣ ወይ ኢንሱሊኑ ዘንድ ችግር አለ፣ ወይ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ውሸት ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመጨረሻው ነው። ከመለካትዎ በፊት እጇን በሳሙና አስታጥበዋት ነበር? የዛሬዎቹ መለኪያዎች የሚወስዱት የደም ጠብታ የስንዴ ፍሬ እንኳ አያክልም። ከረሜላ የፈታ፣ ሙዝ የላጠ፣ ብርቱካን የነካ ጣት ላይ የቀረችው ዓይን የማታየው ስኳር ከዚያች ጠብታ ጋር ከተቀላቀለች 140 የነበረውን 300 እና ከዚያ በላይ አድርጋ ታሳያለች። በአልኮል ጥጥ መጥረግ ስኳሩን በደንብ አያነሳም፤ ውሃና ሳሙና ነው የሚያነሳው። ከዚያ በደንብ ማድረቅ፤ እርጥብ ጣት ደግሞ ደሙን አቅጥኖ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ውሃ በሌለበት የመጀመሪያውን ጠብታ በንጹሕ ጥጥ ጠርጎ ጥሎ በሁለተኛው መለካት ይሻላል። ከ250 በላይ ያልተጠበቀ ቁጥር ሲያዩ ሌላ ምንም ከማድረግዎ በፊት እጇን አስታጥበው ይድገሙት። አንድ ስትሪፕ (መለኪያው ላይ የሚሰካው ወረቀት) ማባከን ይመስላል፤ በውሸት ቁጥር ተነስቶ ሬጉላር ከመጨመር ግን በጣም ይረክሳል።

እጇ ታጥቦም 340 ከሆነ ኢንሱሊኑን ይመርምሩ። አዳማ ሞቃት ከተማ ናት። ከየካቲት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ውስጥ ከ30 ዲግሪ በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። የተከፈተ ብልቃጥ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ቦታ 4 ሳምንት ያህል ይቆያል፤ ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት ግን ቀስ በቀስ ይደክማል፣ መልኩ ሳይለወጥ። ማቀዝቀዣ ካለ መሃል መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ በረዶ ቤቱ ዘንድ በፍጹም አይጠጋ፣ አንዴ በረዶ የሆነው ይጣላል። ማቀዝቀዣ ከሌለ ወይም መብራት እየሄደ ካስቸገረ፣ ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስገብተው በመካከላቸው አሸዋ ሞልተው፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ እያጠጡ በእርጥብ ጨርቅ ይክደኑት። ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልለው ትንሹ ሸክላ ውስጥ ያኑሩት። የአዳማ አየር ደረቅና ነፋሻ በመሆኑ ይህ ዘዴ እዚያ በደንብ ይሠራል፤ ሸክላው ግን ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ መቀመጥ አለበት እንጂ ቁም ሳጥን ውስጥ አይሆንም።

አቀዳዱም ያሳስታል። ጥርት ያለው ሬጉላር ይቀድማል፣ የሚደፈርሰው ሌንቴ (ኤንፒኤች የሚባለው) ይከተላል። ሌንቴውን በሁለት መዳፍ መካከል 20 ጊዜ ያህል ቀስ አድርጎ ማንከባለል ያስፈልጋል። ከታች የረጋው ዱቄት ሳይቀላቀል የተቀዳ ቀን ልጅቷ ግማሽ መድኃኒት ወስዳለች ማለት ነው። የምትወጋበትን ቦታም በጣትዎ ይዳብሱት፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከተወጋች ቆዳው ሥር ለስላሳ እብጠት ይሠራል፣ እዚያ የገባ ኢንሱሊን እንደ ልቡ ወደ ደም አይደርስም።

ሌላም አለ፤ ይህንን ብዙ ወላጅ ሳያውቀው በልጁ ይፈርዳል። ሕመሙ በታወቀ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቆሽቷ ገና ጥቂት ኢንሱሊን ያመነጫል፤ ሐኪሞች የጫጉላ ጊዜ የሚሉት ነው። በዚያ ጊዜ ትንሽ መጠን ይበቃታል። ከጥቂት ወራት በኋላ ያ እርዳታ ይቀንሳል፣ ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ ያንሳል። ከጉርምስና በፊት ያለ ልጅ ከጫጉላው ጊዜ ከወጣ በኋላ በቀን በኪሎ ከ0.7 እስከ 1 ዩኒት ያስፈልገዋል፤ ለ25 ኪሎ ከ17 እስከ 25 ዩኒት ማለት ነው። ልጅዎ 7 ወር ሆኗታል። ያለ ከረሜላም የሳምንቱ ቁጥሮች ወደ ላይ እየሄዱ ከሆነ ደብተሩን ይዘው ወደ ሐኪሟ ይሂዱ። በራስዎ ግን አይጨምሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ጨርሶ አይከልክሏት። ይህን የምለው ለማባበል ብቻ አይደለም፤ የምትወስደው ኢንሱሊን ራሱ በእረፍት ሰዓት መብላትን ግዴታ ያደርገዋል።

ሰዓቱን አብረን እንየው። ጠዋት 12፡45 ላይ ወጉ እንበል። ሬጉላሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሥራ ይጀምራል፣ ለዚህም ነው ቁርስ ከተወጋች 30 ደቂቃ በኋላ የሚቀርበው። ጉልበቱ የሚበረታው ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ማለትም ከ2፡45 እስከ 4፡45። ሌንቴው ደግሞ ከተወጋ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ይበረታና እስከ ከሰዓት በኋላ ይዘልቃል። እንግዲህ 4 ሰዓት ላይ ደወሉ ሲደወልና ልጆች ወደ ሜዳ ሲሮጡ፣ ሬጉላሩ ገና እየሠራ ነው፣ ሌንቴው እየመጣ ነው፣ እሷም እየሮጠች ነው። ቁርሱ ግን አልቋል። በዚያች ሰዓት ከ15 እስከ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ካልገባላት ስኳሯ ይወርዳል። ስለዚህ የ4 ሰዓት መክሰስ የጠዋቱ መርፌ ሌላኛው ግማሽ ነው፤ መርፌው ከተወጋ መክሰሱ አይቀርም።

ጣፋጩ የሚገባውም እዚህ ላይ ነው፤ በመክሰሱ ቦታ፣ በመክሰሱ ላይ ሳይሆን። የብዙ ቤት ስህተት ይሄ ነው። ልጅቷ ዳቦዋንም ትበላለች፣ የተሰጣትንም ኬክ ትበላለች፣ ከዚያ ኬኩ ይወቀሳል። ዳቦው ወደ ቤት ቢመለስና ኬኩ ብቻ ቢበላ ኖሮ ቁጥሩ ያን ያህል ባልተለየ።

ለመቀያየር መለኪያ ያስፈልጋል። 15 ግራም ካርቦሃይድሬትን «አንድ ድርሻ» ብለን እንያዝ። 50 ግራም የምትመዝን ትንሽ ዳቦ ወደ 25 ግራም ካርቦሃይድሬት አላት፤ ስለዚህ ከአንድ ድርሻ ትበልጣለች። አንድ መካከለኛ ብርቱካን አንድ ድርሻ ነው፤ ትንሽ ሙዝም እንዲሁ፣ ትልቁ ሙዝ ግን ሁለት ይጠጋል። 25 ግራም የገብስ ቆሎ፣ በእሷ እጅ ሁለት እፍኝ ያህል፣ ከአንድ ድርሻ ትንሽ ይዘላል። ክሬም የሌለው ተራ ብስኩት ሦስት ፍሬ አንድ ድርሻ ገደማ። ሦስት ኩባያ የፈነዳ ፈንዲሻ፣ ስኳር ያልተነሰነሰበት፣ አንድ ድርሻ። ለውዝ 30 ግራም ከ5 ግራም ብዙ አይበልጥም፤ ለልደት ቀን ከሌላ ነገር ጋር ቢጨመር አይጎዳም። ሦስት ደረቅ ከረሜላ አንድ ድርሻ። ከእጅ መዳፍ ያነሰች 40 ግራም የምትሆን ክሬም ያላት ኬክ 20 ግራም። ቦምቦሊኖ መካከለኛው፣ 60 ግራም ገደማ፣ ሁለት ድርሻ፤ ግማሹ ይበቃታል።

በጠርሙስ የሚሸጠው 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ግን ከዚህ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። ከ30 ግራም በላይ ስኳር በአንድ ጊዜ፣ ያውም ፈሳሽ ሆኖ። ጠጥታ ሳትጨርስ ደሟ ውስጥ መግባት ይጀምራል። ለስላሳ ለእሷ መድኃኒት ነው፤ ስኳሯ ሲወርድ የሚጠጣ። በግብዣ ላይ የምትጠጣው ውሃ ወይም «ዜሮ» የሚል የተጻፈበት ይሁን። የዚህን ተቃራኒም ልብ ይበሉ፦ ስኳሯ ሲወርድ በችኮላ «ዜሮ» የሚለው ቢሰጣት ምንም አይረዳትም፤ ጠርሙሱ አንድ ዓይነት ስለሚመስል ሰው ይሳሳታል።

የከረሜላው ክብደት ከተጠራጠሩ ባለሱቁ ሚዛን ላይ 10 ፍሬ በአንድ ላይ አስመዝነው ለ10 ያካፍሉ። ብስኩት ሲገዙ ደግሞ ጀርባው ላይ «ስኳር» ከሚለው መስመር ይልቅ «ካርቦሃይድሬት» የሚለውን ያንብቡ። ዱቄቱም ሆድ ውስጥ ስኳር ይሆናልና። ቁጥሩ የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ግራም ነው። በ100 ግራም 70 ካለና እሽጉ 50 ግራም ከሆነ፣ እሽጉ 35 ግራም አለው፤ ለእሷ ግማሹ ነው ማለት ነው። «ለስኳር ሕሙማን» ተብሎ በውድ የሚሸጠውም ብስኩት ዱቄት ነው፤ በአንዳንዱ ውስጥ ያለው ሶርቢቶል ደግሞ ብዙ ከተበላ ተቅማጥ ያመጣል። ለገንዘብዎ ስትሪፕ ቢገዙበት ይሻላል።

ስለ ሸንኮራ አልጠየቁም፤ ከአዳማ ሆኖ ግን ሸንኮራን ማለፍ አይቻልም። ወንጂ አጠገባችሁ ነው። አገዳ በየጎዳናው ተቆርጦ ይሸጣል፣ የዚያው ፋብሪካ ደስታ ከረሜላም ስንት ትውልድ አሳድጓል። የተላጠ አገዳ 100 ግራሙ ከ10 እስከ 14 ግራም ስኳር አለው። ሰው «እንጨት ነው፣ ይተፋል» ብሎ ይንቀዋል። የሚተፋው ቃጫው ነው፤ ስኳሩ ተውጧል። አንድ አንጓ፣ ከስንዝሯ የማይበልጥ፣ በመክሰስ ፋንታ ይሆናል። አንድ ዘንግ እያኘኩ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት መሄድ ግን የለስላሳ ጠርሙስ ከመጠጣት አይለይም። 340 የታየባቸውን ቀናት መለስ ብለው ያስቡ፤ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አገዳ የሚሸጥ አለ?

ማርም ከስኳር አያመልጥም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 6 ግራም ገደማ ነው። ቴምርም ያው፤ ትንሿ 5 ግራም፣ ትልቋ ከ15 በላይ። ቡናማ ስኳር ስኳር ነው። «ጤፍ ነው፣ ስኳር የለውም» የሚለውም ስህተት ነው፤ እንጀራም ይቆጠራል።

ጣፋጩ የሚመጣው በ4 ሰዓት ካልሆነስ? ምሳ ላይ ከሆነ የሌንቴው ጉልበት ያለበት ጊዜ ስለሆነ ከምሳዋ ግማሽ ዳቦ ወይም ሩብ እንጀራ ቀንሶ በዚያ ፋንታ መስጠት ይቻላል። ከምግብ ጋር ሲበላ ስኳሩ ቀስ ብሎ ይገባል፤ ጣፋጭ ባዶ ሆድ ላይ ብቻውን ሲሆን ነው ሽቅብ የሚወጣው። የሚከብደው 9 እና 10 ሰዓት ላይ ያለው ነው። በዚያን ጊዜ የጠዋቱ ሬጉላር አልቋል፣ የማታው ገና ነው። ያኔ ለከሰዓት መክሰስ ከታዘዘላት ድርሻ አይበልጥ፤ ቀሪው ተቀምጦ ከእራት ጋር ይበላ። «አሁን ትብላ፣ ሬጉላር እጨምራለሁ» የሚለው ሐሳብ ይመጣብዎታል። ሐኪሟ በቁጥር ጽፎ የሰጣችሁ የማስተካከያ መጠን ከሌለ አያድርጉት። በየ2 ሰዓቱ የተጨመረ ሬጉላር በአንዱ ላይ አንዱ ይደራረብና ማታ እንቅልፍ ላይ ሳለች ስኳሯን ይጥለዋል።

ስለ ልደት። የልጅቷ ችግር ኬኩ ብቻ አይመስለኝም፤ በሩ ውጭ መቆሟ ነው። ለዚህ መፍትሔው ከአስተማሪዋ ጋር ነው፣ በቃል ሳይሆን በወረቀት። መምህራን ክፉ ሆነው አይደለም የሚያስወጡት፤ ይፈራሉ። «ትንሽ ብትበላ ትሞታለች» ብሎ የነገራቸው ሰው አለ፣ «ስንት ትብላ?» የሚለውን ግን ማንም አልነገራቸውም። አንድ ገጽ ጽፈው ለስም ጠሪዋ፣ ለርዕሰ መምህሩና በሰርቪስ ወይም በባጃጅ ለሚመላልሳት ሰው ይስጡ። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ልጃችን ኢንሱሊን የምትወስድ የስኳር ሕመምተኛ ናት። መርፌዋን ቤት ትወጋለች።
በ4 ሰዓት እረፍት መክሰሷን መብላት አለባት። ካልበላች ወይም ምሳ ዕቃዋ ካልመጣ ወዲያው ይደውሉልን። ለቅጣት ከእረፍት አያስቀሯት።
ውሃ መጠጣትና ወደ ሽንት ቤት መሄድ ስትጠይቅ ይፍቀዱላት።
ልደት ወይም በዓል ካለ ከአንድ ቀን በፊት ይንገሩን። ኬክ ወይም ከረሜላ ሲታደል ለእሷም እንደ ጓደኞቿ ይስጧት። እዚያው የምትበላውንና ወደ ቤት የምትወስደውን እሷ ታውቃለች።
ከተንቀጠቀጠች፣ ካላባት፣ ከገረጣች፣ ያለ ምክንያት ካለቀሰች ወይም ከተናደደች፣ ጥያቄ ጠይቀዋት እንደ ፈዘዘች ካዩ ስኳሯ ወርዷል ብለው ያስቡ። በቦርሳዋ የፊት ኪስ ካለው ስኳር አንዱን ጥቅል በውሃ በጥብጠው ይስጧት። መጀመሪያ ስኳሩን ይስጡ፣ ከዚያ ይደውሉ። ብቻዋን ወደ ቢሮ አይላኳት፤ ከአጠገቧ አይለዩ።
ራሷን ከሳተች ወይም እንደ ሚጥል በሽታ ካንዘፈዘፋት በአፏ ምንም አይስጡ። በጎኗ ያስተኟት፣ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።»

ከታች ሁለት ስልክ ቁጥር። «ለእሷም ይስጧት» የሚለው መስመር አስተማሪዋን ከፍርድ ያሳርፋታል፤ ልጅቷንም ከበር ያስገባታል።

የፊት ኪሱ ስኳር ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ስኳር ሲወርድ (ከ70 በታች) ለልጅ የሚሰጠው በኪሎ 0.3 ግራም ነው፤ ለ25 ኪሎ 7.5 ግራም፤ ይህም ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ፣ ወይም የ300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ሩብ ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካል፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ ይደገማል። ከፍ ካለ በኋላ ምሳ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቀረው ከሆነ ግማሽ ዳቦ ወይም ብስኩት ይከተል። ቸኮሌት፣ ወተትና ኬክ ለዚህ አይሆኑም፤ ቅባቱ ስኳሩን ያዘገየዋል። ሁለት ልሙጥ ማንኪያ እየለኩ በወረቀት ጠቅልለው አራት ጥቅል ያዘጋጁ፣ በላስቲክ ከረጢት ያሽጉ፣ ከትንሽ የውሃ ጠርሙስ ጋር ያስቀምጡ። ሁለቱ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ሁለቱ የአስተማሪዋ መሳቢያ ውስጥ። እርጥበት ስለሚያጠነክረው በየወሩ ይቀይሩት።

ለምን ከረሜላ አይሆንም ይሉኝ ይሆናል። ይሆናል፣ ሁለት ከረሜላ ተቆርጥሞ ይሠራል። ነገር ግን የመድኃኒቱ ስኳርና የጨዋታው ጣፋጭ አንድ ዓይነት ከሆኑ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ጥቅሉ በመጀመሪያው ሳምንት ያልቃል፤ የ8 ዓመት ልጅ ናት፣ ጓደኞችም አሏት። ስኳሯ የወረደ ቀን ኪሱ ባዶ ሆኖ ይገኛል። ሁለተኛ፣ «አንቀጠቀጠኝ» ማለት ከረሜላ ማግኛ መንገድ ይሆናል፤ እውነት የተንቀጠቀጠች ቀን ደግሞ ማንም አያምናትም። ነጭ ስኳር በውሃ ማንም ልጅ አይሰርቅም። ፋርማሲ የሚሸጠው የግሉኮስ ዱቄትም እንዲሁ ያገለግላል።

የስፖርት ክፍለ ጊዜ ያለበትን ቀን ለብቻው ያስቡት። ገመድ ዝላይና ሩጫ ያለበት ሰዓት ላይ ተጨማሪ አንድ ድርሻ ያስፈልጋታል፤ ሁለት ከረሜላና አንድ ብስኩት የሚሰጥበት ጥሩ ቀን ይኸው ነው። ያን ዕለት ማታ ስኳሯ ከወትሮው ዝቅ ሊል ስለሚችል ከመተኛቷ በፊት ይለኳት።

ጾምም ያነሳሉ ሰዎች። ጠዋት ሬጉላር የተወጋች ልጅ ቁርስ መዝለል አትችልም፤ ሕመምተኛን ደግሞ ማንም አያስገድድም። ምግቡ የጾም ቢሆን ግን ምንም አይቀርባትም፤ ሽሮውም ምስሩም ከቆሎው ጋር በደንብ ይሆናል።

ስትሪፕ ውድ ስለሆነ ሁልጊዜ ለኩ አልልዎትም። አንድ ዓይነት ጣፋጭ አንድ ጊዜ ብቻ ፈትኑት፤ ቤት፣ ቅዳሜ፣ በ4 ሰዓት፣ መክሰሷን በዚያ ተክተው። ከመብላቷ በፊት አንድ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ አንድ። ልዩነቱ እስከ 50 ከሆነ ያ ጣፋጭ በዚያ መጠን ይመቻታል ማለት ነው፤ 100 ካለፈ መጠኑን በግማሽ ይቀንሱ። ሁለት ስትሪፕ ለኬክ፣ ሁለት ለቦምቦሊኖ፣ ሁለት ለብስኩት። በአንድ ወር ውስጥ የራሷ ዝርዝር ይኖራችኋል፣ ከማንም መጽሐፍ የሚሻል። ውጤቱን እሷ በእጇ ትጻፈው፤ «ግማሽ ቦምቦሊኖ፣ 132፣ 168»። የስትሪፑን ዕቃ ክዳን ወዲያው ይግጠሙ፤ አየርና ሙቀት የገባው ስትሪፕ ይዋሻል።

ስለ መምታቱ አንድ ነገር ልበል፣ እንደ ወቀሳ አይውሰዱብኝ። የተመታ ልጅ ከረሜላ መብላት አያቆምም፤ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ መተው ነው የሚያቆመው። ያን ዕለት ወረቀቱን ስላገኙ ነው ይህን ሁሉ ማሰብ የቻሉት። ከዚያ በኋላ ሁለት ከረሜላ በልታ «ምንም አልበላሁም» ስትልዎት በዚያ ላይ ተመሥርተው ኢንሱሊን ይሰጣሉ፤ አደጋው ያ ነው። የበላችውን ስትነግርዎት የመጀመሪያው መልስ «ስንት ሰዓት ላይ? ስንት?» ይሁን፣ ሌላ ምንም። ቁጥሩንም «መጥፎ» አይበሉት፤ «ከፍ ያለ» ነው፣ «ዝቅ ያለ» ነው። ከእሷ ጋር የሚደረገው ውል ቀላል ነው፦ በየትኛውም ቀን የተሰጣትን ከረሜላ ትቀበላለች፣ በመክሰሷ ፋንታ የተስማማችሁበትን ያህል ትበላለች፣ የቀረውን ቤት አምጥታ በአንድ ጣሳ ውስጥ ታስቀምጣለች። ጣሳው የእሷ ነው። ዓርብ ዓርብ ከራሷ ጣሳ መርጣ በ4 ሰዓት መክሰሷ ፋንታ ትወስዳለች፣ ወይ ደግሞ ከእርስዎ ጋር በሌላ ነገር ትለዋወጣለች፤ በእርሳስ፣ በፀጉር ጌጥ።

ከረሜላው ሁሉ የሚተውበት ቀንም አለ። ካስመለሳት፣ ሆዷን ካመማት፣ ትንፋሿ እንደ በሰለ ፍሬ ከሸተተ ወይም ቶሎ ቶሎ በጥልቀት ከተነፈሰች፣ ስኳሯም ከ250 በላይ ከሆነ፣ ወደ ትምህርት ቤት አትሄድም፤ ሽንቷ በኪቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ሰውነት የሚያመነጨው አሲድ) ስትሪፕ ይታይ፤ ኪቶን ከታየ ወይም ስትሪፑ ከሌለ በቀጥታ ሐኪም ቤት። ምግብ አልበላም ብላለች ብለው ኢንሱሊኑን ጨርሰው አይተዉ፤ በሕመም ቀን ጭራሽ ማቋረጥ ነው ወደ አደጋ የሚወስዳት። በዚያ ቀን መጠኑን ሐኪሟን በስልክ ይጠይቁ።

ወንድሟ ከረሜላ መብላት አይተው፤ እሱም በመክሰስ ሰዓት፣ እሱም ሁለት ወይም ሦስት፣ ከእሷ ጣሳ አጠገብ ከተቀመጠ የራሱ ጣሳ። ቀኑን ሙሉ እየበላ እሷ ሰዓት የምትጠብቅ ከሆነ ውሉ አንድ ሳምንት አይቆይም። ጥርሳቸውንም ሁለቱም ከበሉ በኋላ በውሃ ይጉመጥመጡ።